ቡቺ ከወንበሩ ሥር

ከሲያትል እስከ ዋሽንግተን፣ ከእናቴና ከአባቴ ውሻ ጋር

እናቴ ለስምንት ዓመት ያጸናችው አንድ ሕግ ነበራት፤ ውሻ ከሳሎን አያልፍም። መኝታ ቤት ክልክል፣ ማድ ቤት ክልክል፣ ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት የጸሎት ክፍሏማ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። ባደገችበት ደሴ ውሻ ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ የሚፈታ የግቢ ዘበኛ ነው እንጂ ሶፋ ላይ የሚጋደም ፍጥረት አልነበረም። አባቴ ሕጉን ያከብር ነበር፤ እሷ ቅዳሴ እስክትሄድ ድረስ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሁለቱ ነው።

ውሻውን ያመጣው አባቴ ነው። ሲያትል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ሐኪሙ ለልቡ ጤንነት በየቀኑ እንዲራመድ አዘዘው። ብቻውን መራመድ አልሆንልህ ቢለው ከእንስሳት መጠለያ አንድ ጆሮው ቆሞ ሌላው የወደቀ፣ ትንሽ ቡናማ ድቅል ውሻ ይዞ ገባ። ስሙንም ቡቺ አለው። "አሜሪካ ድረስ መጥተህ ሌላ ስም አጣህ?" ስንለው፣ "ውሻ ቡቺ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?" አለን። ከዚያ ወዲያ ዝናብም ይሁን ጭጋግ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሲዋርድ ፓርክ ናቸው። በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር የሚዞረው የእግር መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "አራት ኪሎ ደርሼ መጣሁ" ይል ነበር ሲመለስ።

ባለፈው ታኅሣሥ አባቴ አረፈ። ከወራት በኋላ እኔና ወንድሞቼ አንድ እሑድ ማታ በስልክ ተገናኝተን ወሰንን። እናታችን በ74 ዓመቷ ሲያትል ብቻዋን አትቀርም፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ቡቺን ጎረቤት ይወስደዋል። ስንነግራት የመጀመሪያውን በዝምታ ሰማች። ሁለተኛውን ግን ሳንጨርስ አቋረጠችን።

"የሟች አደራ ነው። ያለ እሱ አልሄድም።"

ውሻን በአውሮፕላን፣ ያውም ከሰው ጋር በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ይዞ መሄድ እንዴት እንደሚቻል መማር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሁሉ ነገር በቦርሳው ነው

በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ትንንሽ ውሾችና ድመቶች ከባለቤታቸው ጋር መሳፈር ይችላሉ። ዋናው ቅድመ ሁኔታ እንስሳው ከፊት ለፊት ካለው ወንበር ሥር በሚገባ ቦርሳ ውስጥ መሆኑ ነው። ትልልቅ ውሾች የሚጓዙት በዕቃ ክፍል ነው፤ እሱንም ብዙዎቹ ትልልቅ አየር መንገዶች በጣም አጥብበውታል። ቀድሞ "ለመንፈሴ መጽናኛ ነው" የሚል የባለሙያ ደብዳቤ ያለው ሰው ውሻውን ያለ ክፍያ ይዞ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ወዲህ ግን አየር መንገዶች ያንን ደብዳቤ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ዛሬ ያለ ቦርሳ የሚገቡት እንደ ዓይነ ሥውራን መሪዎች ያሉ የሠለጠኑ ውሾች ናቸው።

የቦርሳው ልክ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ለስላሳ ቦርሳ 46 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 28 ስፋትና 28 ቁመት አካባቢ ነው። ከጨርቅ የተሠራው ከጠንካራው ፕላስቲክ ይመረጣል፤ ከወንበሩ ሥር ሲገባ ትንሽ ይታጠፋልና። በጎንና በጎኑ አየር የሚያስገባ መረብ ያስፈልገዋል። ውሻው ውስጡ ሆኖ ቆሞ መዞር መቻል አለበት። እኔ በመጀመሪያ "ትንሽ ውሻ" የሚለውን ብቻ አንብቤ ቦርሳ ገዛሁና ቡቺ ግማሽ አካሉ ውጭ ቀረ። ለካ መጀመሪያ የሚለካው ውሻው ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ፣ ከወለሉ እስከ አናቱ።

ሁለተኛው ቦርሳ ልክ ሆነ። ዋናው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃውን ለመሸከፍ ሲያትል ሦስት ሳምንት ስለቆየሁ ሁሉንም ቀን በቀን አየሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ቦርሳውን ከፍተን ሳሎን ጥግ አስቀመጥነው፤ ማንም ግባ አላለውም። ምግቡን መጀመሪያ ከአጠገቡ፣ ቀጥሎ ከአፉ ላይ፣ በመጨረሻም ከውስጡ አደረግንለት። በሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ዚፑን ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ለአምስት፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት እየዘጋን ለመድነው። በሦስተኛው ሳምንት ከነቦርሳው መኪና ውስጥ አስገብተን በሬኒየር ጎዳና ወደ ላይና ወደ ታች አመላለስነው። የሚጮኸው መኪናው ሲቆም ነው እንጂ ሲሄድ ዝም ይላል። የታክሲ ሹፌር ውሻ!

እናቴ ይህን ሁሉ ከሩቅ በጎን ዓይኗ ታይ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ስታፈላ ረከቦቷን ከቦርሳው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ዘረጋች። ቡናው ሲቆላ ቡቺ ራሱ ሄዶ ገባና ተጠቅልሎ ተኛ። በማግሥቱ ረከቦቱ እዚያው ተዘረጋ፤ በሦስተኛውም ቀን። ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

የእንስሳት ሐኪሟ ሁለት ነገር ከለከለችን። አንደኛው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። እንዲተኛ አንድ ነገር ስጪው ብላት ሳቀችና በአየር ላይ የአተነፋፈስና የልብ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ለበረራ እንደማይመከር አስረዳችኝ። ሁለተኛው የአባቴ ጥፋት ነው። ለካ ወጥ የነካው እንጀራ ያበላው ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ውሻ ያለበት የሐበሻ ቤት ሁሉ ይህን ይወቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አይታ የጤና ምስክር ወረቀት ጻፈችልን፤ መድረሻው ግዛት ሊጠይቅ ይችላልና።

የጉዞው ቀን

በረራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ቡቺ የመጨረሻ እራቱን ማታ በላ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሰፈሩን አንድ ዙር አዞርኩት፤ ትንሽ ውኃ ቀመሰ። ከቦርሳው ወለል ላይ ሽንት የሚመጥ ንጣፍ አነጠፍኩ። የምናነጥፍበት ጨርቅ ስፈልግ እናቴ ከመኝታ ቤቷ የአባቴን ግራጫ ሹራብ ይዛ መጣች።

"አላጠብኩትም" አለች። "ሽታውን እንዲያገኝ ብዬ።"

ሐኪሟ የሚያውቀው ሽታ ያለበት ጨርቅ አስገቡለት ብላን ነበር። ሹራቡን ከዚያ በፊት እኔ በዕቃዎቹ መካከል ፈልጌው አጥቼዋለሁ። የት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሲያትል–ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ሬኒየር ተራራ በረዶውን ለብሶ ከፊታችን ቆሟል። ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ቢያንስ ነው። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ቆመችና ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ "እማዬ፣ እንፍጠን" አልኳት።

ከውሻ ጋር የሚበር ሰው ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ቼክ ኢን አድርጎ መግባት ብዙ ጊዜ አይችልም፤ ባንኮኒው ላይ መቅረብ አለበት። ክፍያው ለአንድ ጉዞ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ዶላር ነው። ይህን ከፍለውም ቦርሳው እንደ አንድ የእጅ ዕቃ ይቆጠርብዎታል። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ በመረቡ ውስጥ አየችው። "ተነሥቶ ይዙርልኝ" አለች። ቡቺ በአባቴ ሹራብ ላይ ተጠቅልሎ አልነሣም አለ። "ቡቺ! ተነሥ!" ብል ዓይኑን ብቻ ገለጠ። እናቴ ጎንበስ አለችና በቀስታ "ና እስቲ፣ አራት ኪሎ" አለችው። ብድግ አለ። ጀርባው የቦርሳውን ጣሪያ ለትንሽ ሳይነካ ዞረ። ሠራተኛዋ ምልክቱን አሰረችለት።

ፍተሻው ላይ ውሻው ከቦርሳው ይወጣል። ኤክስሬይ ውስጥ የሚያልፈው ባዶው ቦርሳ ነው፤ ውሻው በፍጹም አይገባም። ባለቤቱ አቅፎት ወይም በገመድ ይዞት በበሩ ያልፋል። እኔ ላፕቶፕ ሳወጣ፣ መድኃኒት ስለይ፣ ሁለት እጄ ተያዘ። "እማዬ፣ ያዢልኝ" አልኩና ሳላስበው ቡቺን ሰጠኋት። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አቅፋው አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ውሻውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቀጥ ብላ በበሩ አለፈች።

ከወዲያ ማዶ ቡቺን ቶሎ እንድታስገባው በስሙ ስጣራ አንድ የጽዳት ጋሪ የሚገፋ ወጣት ቆሞ ሳቀ። "እማማ፣ ቡቺ ሲባል ሰምቼ ነው የዞርኩት። እንደምን አደሩ?" አላት። ሲያትል–ታኮማ ላይ የአገር ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። የውሾች መጸዳጃ ክፍሉንም ያሳየን እሱ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከፍተሻው ወዲህ ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት እንዲህ ያለ ክፍል አለ። ከመሳፈር በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መጎብኘቱ ለሁሉም ሰላም ነው። ወጣቱ ሲሰናበታት "የት ነው የሚሄዱት?" ብሎ ጠየቃት። "ልጆቼ ወዳሉኝ" አለች።

አምስት ሰዓት በአየር ላይ

ቦርሳው ተኝቶ ከወንበሩ ሥር ገባ። የላይኛው መደርደሪያ አይሞከርም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከሂዩስተን ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አውሮፕላን አንድ ቡችላ ከነቦርሳው ከላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ሞቷል። የፊተኛው ረድፍና የአደጋ መውጫው ረድፍም አይፈቀድም፤ ከፊት ወንበር የለም ወይም መንገዱ ክፍት መሆን አለበትና።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ወጣት ቦርሳውን አይታ የውሻ ፀጉር ያስነጥሰኛል አለች። እኔ ልከራከር ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። አስተናጋጁን ጠራን፤ ከአራት ረድፍ በኋላ ሌላ ቦታ ተገኘላት። ውሻ ይዞ የሚሳፈር ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ለእኛ የቤተሰብ አባል ነው፤ ለጎረቤታችን ግን አምስት ሰዓት ሙሉ የሚያሳክክ ዓይን ሊሆን ይችላል።

ሲነሣ ቡቺ ሁለት ጊዜ አለቀሰ። ዚፑን መክፈት አይፈቀድም። እናቴ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ከመረቡ ጋር አስጠጋች። ዝም አለ። ቀበቶ ፍቱ እስኪባል ድረስ እግሯን አላነሣችም።

ከሞንታና በላይ ስንደርስ ይመስለኛል፣ እኔ በልፋቴ ረክቼ፣ "አየሽ፣ እንዴት እንደለመደ! ሦስት ሳምንት ቢፈጅም ዋጋ ነበረው" አልኳት።

እናቴ በመስኮቱ እያየች ነበር። ሳትዞር መለሰችልኝ።

"አዎ። ለእሱ ሦስት ሳምንት ሰጣችሁት። በሩን ከፍታችሁ፣ ምግቡን እያስጠጋችሁ። እኔን ግን በአንድ እሑድ ማታ ነው የጨረሳችሁልኝ።"

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢሆን መልስ ባገኘሁ። ሰላሳ ዓመት የኖረችበትን ከተማ፣ የምታውቀውን ቤተ ክርስቲያን፣ ቸሪ ጎዳና ላይ በስሟ የሚጠሯትን ባለ ሱቆች፣ ያንን ተራራ፣ ሁሉንም ከሦስት ካርቶን ጋር ሸክፈን አስነሥተናት ነበር። ውሻው እንዳይደነግጥ በሰዓት ለክቼ ዚፕ ስዘጋና ስከፍት፣ እሷን "እንፍጠን" ነበር የምላት።

"እማዬ፣ ይቅርታ" አልኩ።

"ይቅርታ እንኳ አያስፈልግም" አለች። "ብቻ የሲያትሉን ቤት ቶሎ አታስረክቡብኝ። በሩ ክፍት ይቆይልኝ።"

አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር የአየር ግፊቱ እንደ ሕፃን የውሻንም ጆሮ ያስጨንቃል፤ መዋጥ ያቀለዋል። በአስተናጋጁ ፈቃድ ዚፑን ሁለት ጣት ያህል ከፍታ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ አቀበለችው። ከቦርሳዋ አውጥታ ነው፤ አስባበት ይዛ መጥታለች ማለት ነው።

ደለስ

የሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ስላለ በዋሽንግተን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደለስ ደረስን። ይህ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት መንገደኛውን ከአውሮፕላኑ ወደ ሕንፃው የሚያመላልሱ፣ በጎማ የሚሄዱ ሰፋፊ ክፍሎች ነበሩት፤ ዛሬም ከእነዚያ ጥቂቶቹ ይሠራሉ። እናቴ ገብታ ዙሪያውን አየችና "ይኼስ የእኛ ቦርሳ ነው" አለች። አብረን ሳቅን። ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ እንጃ።

እቤት ስንደርስ የቡቺን ቦርሳ እንደ ሲያትሉ ከፍቼ ሳሎን ጥግ አስቀመጥኩት። ያን ማታ ወንድሞቼን ደወልኩላቸው፤ በዚህ ጊዜ እናታችን ራሷ መስመር ላይ ነበረች። የሲያትሉ ቤት እስከ መስከረም ይቆያል። ከዚያ በኋላ የት እንደምትኖር የምትወስነው እሷ ናት። አንደኛው ወንድሜ ስለ ኪራዩ ማጉረምረሙ አልቀረም። እሷ ስትናገር ግን ሁላችንም ሰማን።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስነቃ ቦርሳው ሳሎን የለም። የእናቴ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ቦርሳው ከአልጋዋ ግርጌ ነው፤ ቡቺ በሹራቡ ላይ ተኝቷል። ሻንጣዋ እንደ መጣ ሳይፈታ ከአጠገቡ ቆሟል።

"ሳሎኑ ይቀዘቅዛል" አለች።

ከቤቴ በታች ስላይጎ የሚባል ወንዝ ዳር የእግር መንገድ አለ፤ ዛፎች የከበቡት፣ ብዙ ቤተሰብ የሚመላለስበት። ገመዱን ያዘችና በሩ ላይ ቆመች።

"ይሄ መንገድ አራት ኪሎ ይሞላል?"

"ከፈለግሽ ከዚያም ይበልጣል።"

"ለዛሬ አራት ኪሎ ይበቃናል" አለች፤ ከቡቺ ጋር ወጡ።

ከመነሣትዎ በፊት

ቲኬት ሲቆርጡ ወዲያው ለአየር መንገዱ ይደውሉ። በአንድ በረራ የሚፈቀደው የእንስሳት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ቲኬትዎን ይዘው ውሻዎ ቦታ ሊያጣ ይችላል።

ቦርሳውን ከመግዛትዎ በፊት የሚበሩበትን አየር መንገድ ልክ ያንብቡ፤ ውሻውንም ይለኩ።

ማለማመዱን ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። የሚቻል ከሆነ ያለ መሸጋገሪያ የሚበር ይምረጡ።

አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉ ዝርያዎች በቀላሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሐኪም ሳያያቸው አይብረሩ።

ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ውሻ ለመውሰድ ካሰቡ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የመግቢያ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች፣ እዚህ የተከተበ ውሻ ተጨማሪ ሰነዶች ያስፈልጉታል፤ መግባት የሚችለውም ደለስን ጨምሮ በተመረጡ ጥቂት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው።

አሜሪካ የሚኖሩና ውሻዎን ለጉብኝት ወደ አገር ቤት ይዘው የሚመጡ ከሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ መከተቡን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ከመነሣትዎ በፊት ያስሞሉ፤ በመንግሥትም ያስጸድቁ። አንዴ ከወጡ በኋላ ማግኘት አይቻልም።